ሌባ ሰፈር ሲገባ የቱ ይሻላል? ዱላ፣ ፖሊስ፣ ሽማግሌ፣ መብራት ወይስ ሥራ

ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር፣ ጎንደር፣ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት የውኃ ቆጣሪ፣ አንድ የባጃጅ ባትሪ እና አራት ሞባይል ተሰረቀ። አራተኛው ሞባይል የኔ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ከአራዳ ወደ ቤት እየወረድኩ፣ መብራት ጠፍቷል፣ ጭቃው እግር ይይዛል፣ እኔም እንደ ፋራ ስልኬን እንደ ባትሪ ወደፊት ዘርግቼ እያበራሁ ስሄድ አንድ ቀጭን ልጅ ከኋላዬ መጣና ላጥ አድርጓት ቁልቁል ወደ ወንዙ እግሬ አውጪኝ አለ። ብሮጥ አልደርስበት፣ ጮህኩ፣ የመለሰልኝ ውሻ ብቻ ነው።

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስንሰበሰብ የድንኳን ጥገና ምናምን የሚለው አጀንዳ ተረሳና ሦስት ሰዓት ሙሉ የተወራው ስለ ሌባ ነው። አንዱ ይገረፍ አለ፣ አንዱ ፖሊስ ይጠራ፣ አንዱ እኛው እንምከረው የሰው ልጅ ነው፣ አንዲት እናት ደግሞ "ኧረ መጀመሪያ መብራቱን አስተካክሉት፣ እኔ ልጄን ማታ ዳቦ መላክ ፈርቻለሁ" አለች። ማንም ማንንም ሳይሰማ ተበተንን። ከዛ ወዲህ ሕግ ለሚያውቅ ወዳጄም፣ ጡረታ ለወጡ አንድ ፖሊስም፣ ለሽማግሌዎቻችንም ጠይቄ፣ ያገኘሁትንም አንብቤ አምስቱን አማራጭ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። እንደኛ ሰፈር ግራ የገባው ካለ ይጠቅመዋል። አድልዎ የለበትም አልልም፣ አለበት፣ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ፣ ሰው ለምን ይሰርቃል?

ይሄን ሳንጨርስ ወደ መፍትሔው ስለዘለልን ነው የተጣላነው። እድሩን ለብዙ ዓመት የመሩት ጋሼ ተነሱና ያቺን የድሮ ተረት አወሩ፣ ልጁ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ያለችው፣ ቀጥሎ ዶሮ፣ ቀጥሎ በሬ፣ መጨረሻ ሊሰቀል ሲል "በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ" ያላት። ለሳቸው ነገሩ አስተዳደግ ነው፣ አለቀ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ደግሞ "ጋሼ፣ እንቁላሉ ቤት ውስጥ ቢኖር ልጁ ምን አስሰረቀው?" አሉ፣ ሳቅ ሆነ። አክስቴ ጥፋቱ የቤቲንግ ቤቱና የጫቱ ነው ትላለች፣ ልጆቹ ኳስ ተወራርደው ተበልተው ዓይናቸው ቀልቶ ሲወጡ ሱቋ ፊት ለፊት ስለሆነ በየቀኑ ታያቸዋለች።

እኔ ሦስቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ግን ለተለያየ ሌባ። ድህነት ብቻውን ሌባ ቢያደርግ ኖሮ እኛ ሰፈር የሚተርፍ ንብረት አይኖርም ነበር። ከከተማው ዳር እንጨት ተሸክማ የምትገባዋ እናት፣ ጠዋት ፒያሳ ላይ ሳጥኑን በብሩሽ እያንኳኳ ቀኑን የሚጀምረው ሊስትሮ፣ እነዚህ ከሁላችንም ደሃ ናቸው፣ ከሁላችንም ደግሞ የታመኑ ናቸው። በሌላ በኩል ኮሮና መጣ፣ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የክልላችን ግጭት፣ በዛ ላይ ፋሲል ግቢን ሊያይ የሚመጣው ቱሪስት ጠፋ፣ ከቱሪስቱ ጋር የአስጎብኚው፣ የአስተናጋጁ፣ የባጃጅ ነጂው ገቢ አብሮ ተነነ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ሰፈሩ እንደነበረ ይቀጥላል ብሎ የሚያስብ ካለ የዋህ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ሮበርት መርተን የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1938 የጻፈው ነገር አለ፣ ባጭሩ ማኅበረሰቡ ሁሉንም ሰው "ሀብታም ሁን" እያለ መንገዱን ለጥቂቱ ብቻ ሲከፍት ከቀሩት አንዳንዱ በአጥር ይዘላል ነው የሚለው። ጥሩ ነው፣ ግን ለእድር አይሆንም። እድር የአገር ኢኮኖሚ አይቀይርም። ለኔ የበለጠ የሠራልኝ ኮኸንና ፌልሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በፈረንጆቹ 1979 ያሉት ነው፣ ስርቆት እንዲፈጠር ሦስት ነገር አንድ ቦታ አንድ ሰዓት ላይ መገናኘት አለበት፦ ሊሰርቅ የፈለገ ሰው፣ የሚሰረቅ ነገር፣ እና ጠባቂ አለመኖር። ከሦስቱ አንዱን ካነሳህ ስርቆቱ አይሆንም። የኔን ማታ አስቡት፣ ልጁ አለ፣ ስልኬ በእጄ እያበራች "ነይ ውሰጂኝ" ትላለች፣ መንገዱ ጨለማ ነው ሰው የለም። የልጁን ሕይወት እኔ በአንድ ማታ መቀየር አልችልም፣ ስልኬን ኪሴ መክተት ግን እችል ነበር።

እኔ በዚህ ላይ አንድ አራተኛ እጨምርበታለሁ፣ ገዢ። አንድ ጎረምሳ የውኃ ቆጣሪ ነቅሎ ምን ያደርግበታል? አይበላ አይጠጣ። ነሐስ ስላለበት ነው፣ ነሐሱን ደግሞ በኪሎ መዝኖ የሚገዛ ሰው አለ። ስልኬንም ልጁ ሊደውልባት አልወሰዳትም፣ ፍላሽ አድርጎ በማግስቱ የሚሸጥ ሰው ስላለ ነው። ልጁን ብቻ ስናሳድድ ገዢው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላ ልጅ ይጠብቃል። ስለዚ አምስቱን ሳወዳድር ሦስት ጥያቄ ነው የጠየቅኳቸው፦ ሌባውን በርግጥ ይይዘዋል ወይ፣ ገዢውን ይነካዋል ወይ፣ ነገ እኛን ምን ያስከፍለናል።

ዱላ

ብዙ ድምፅ ያገኘው ይሄ ነው፣ ርካሽም ፈጣንም ስለሚመስል። የደቦ ፍርድ ሲባል ስሙ ራሱ ሥራ የሚያግዙ ነው የሚያስመስለው።

ከጥቂት ዓመት በፊት በገበያ ቀን "ሌባ! ሌባ!" ተብሎ አንድ ልጅ ተይዞ ስልክ እንጨት ላይ በገመድ ታስሮ አይቻለሁ። ቢጫ የፕላስቲክ ጫማ ነበረው፣ አንዱ ወልቆ ቦይ ውስጥ ይንሳፈፋል። የሚመታው ሰው ምን እንደተሰረቀ እንኳን አያውቅም፣ አላፊ አግዳሚ ነው፣ አንዱ ባጃጁን አቁሞ ወረደና በጥፊ አጩሎት ተመልሶ ነዳ፣ ተሳፋሪዋም ምንም አላለችም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቦርሳዬ ጠፋ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ሽንኩርት የገዛችበት መደብ ላይ ረስታው ተገኘ። ልጁን ፈቱት። ይቅርታ ያለው ሰው አላየሁም፣ እኔም ጭምር አላልኩም፣ ቆሜ ሳይ ነበር። ልጁ ሁለተኛውን ጫማ ከቦዩ አውጥቶ በእጁ ይዞ ሄደ።

አያቶቻችን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው፣ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ራሱን ሳያውቅ በየሰፈሩ ይለቁታል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ዛሬ ይሄን ስንሰማ እንስቃለን። ግን መንገድ ላይ "ሌባ!" ብሎ የጮኸ ሰው በጠቆመበት ሁሉ ስንወርድ ከሌባሻዩ በምን እንሻላለን? እንደውም የነሱ ልጅ ቢያንስ ሰክሮ ነበር።

ወጪው ደግሞ ቀላል አይደለም። ልጁ ከሞተ ወይ አካሉ ከጎደለ ተከሳሹ መቺው ነው፣ "ሌባ ነበር" የሚለው አያድንም። በኛ አገር ደግሞ የሕጉ ብቻ አይደለም፣ ዘመድ አለ፣ ደም አለ፣ ለአንድ ባትሪ ብሎ ልጆቹን ደመኛ ያወረሰ ሰው ማየት የሚፈልግ ዙሪያውን ገጠር ሄዶ ይጠይቅ። ገዢውን ይነካል? ጭራሽ። ማንም ነሐስ ገዢ በዱላ ሲመታ አይቼ አላውቅም፣ ሱቅ አለው፣ ሸሚዝ ለብሷል።

የዱላ ጨዋ ወንድም "ሕጉ ይክበድ" የሚለው ነው፣ እጅ ይቆረጥ የሚልም አልጠፋም ስብሰባው ላይ። ሕጉን ያነበበ ግን የለም። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ለተራ ስርቆት ቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል፣ በአንቀጽ 669 ከባድ የሚባለው ስርቆት ደግሞ ከ1 እስከ 15 ዓመት ያደርሳል። ከዚህ በላይ ምን ይክበድ? የኔን ስልክ የወሰደው ልጅ 15 ዓመትን ፈርቶ አልተወኝም፣ ምክንያቱም እንደማይያዝ ያውቃል። ቤካሪያ የሚባል የሚላኖ ሰው በፈረንጆቹ 1764 ይሄንኑ ብሏል፣ ሰውን ከወንጀል የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን አለመቅረቱ ነው ብሎ፣ ከሱ በኋላ የመጡትም ጥናቶች በአብዛኛው ወደዚሁ ነው የሚያጋድሉት። ባጭሩ ከአስር አንዴ የሚመጣ 15 ዓመት ሁሌ ከሚመጣ 3 ወር ያነሰ ያስፈራል።

ፖሊስና ፍርድ ቤት

እኔ ስልኬ ስትጠፋ ጣቢያ ሄጃለሁ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም። መዝገብ ያዢው "ካርቶኑ አለ?" አለኝ፣ የለም፣ "ቁጥሩን ታውቀዋለህ?" አላውቅም፣ "ልጁን ብታየው ትለየዋለህ?" ጨለማ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠው። ተናድጄ ወጣሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያልኩ። ቤት ስደርስ ግን ሰውዬው ምን ያድርግ አልኩ፣ በባዶ እጄ ሄጄ ተአምር ነው የጠየቅኩት።

ስለዚ ፖሊስን የምትመርጡ ከሆነ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን 15 አሃዝ ደብተር ላይ ጻፉት፣ ካርቶኑን አትጣሉ፣ ስርቆት ሲደርስ በዛው ቀን ሂዱ፣ ያየ ሰው ካለ ይዛችሁት ሂዱ፣ የመዝገቡን ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ። ጡረተኛው ፖሊስ የነገሩኝ ነገር ነው ይሄ፣ "መዝገብ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ወሬ ነው" ነው ያሉኝ።

ሰው ፖሊስን የሚጠላበት ትልቁ ምክንያት "ያዙት፣ በማግስቱ ለቀቁት" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ፍትሐዊ እንሁን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ዋስትና የሚፈቅደው ወይ የሚከለክለው ዳኛው ነው፣ ዋስ ጠርቶ የወጣ ሰው ደግሞ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፣ ክሱ አለ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ወይ በሰንሰለት ቁራኛ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፣ "በሕግ አምላክ" ከተባለ ሰው ቆሞ ይታሰር ነበር። አሁን ቁራኛው ዋስ ነው፣ ችግሩ ሁለተኛ ቀጠሮ ላይ የሚጠፋው ተከሳሹ ብቻ ሳይሆን ምስክሩም መሆኑ ነው። እኛ ሰፈር የባትሪው ነገር የወደቀው በዚህ ነው፣ ያየው ልጅ ሥራ አገኘና መተማ ሄደ፣ በቃ መዝገቡ ተዘጋ።

ገዢውን ግን በሕግ መንካት የሚችለው ይሄ አማራጭ ብቻ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በሕጉ ራሱ ወንጀለኛ ነው። ለምን በዚህ ብዙ ክስ አናይም? አብዛኛው አቤቱታ "ስልኬ ጠፋ" ብሎ ስለሚቆም ይመስለኛል፣ የት እንደተሸጠ ተከታትሎ የሚሄድ የለም። ሰፈር ተሰብስቦ "ቆጣሪዎቻችን ይሄ ምልክት አላቸው፣ እዚህ ቦታ ታይተዋል" ብሎ ቢሄድ ነገሩ ሌላ ነው።

ፖሊስ ብቻ የሚሄድበትም ነገር አለ፣ ክርክር የማያስፈልገው። መሣሪያ ካለበት፣ ሰው ከቆሰለ፣ ቡድን ከሆነ፣ እና እገታ። ስለ እገታ ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም፣ በ2016 ማብቂያ ላይ ታግታ የተገደለችው ሕፃን ሕዝቡን አደባባይ ያወጣችበት ጊዜ ገና ከሁላችንም አልወጣም። ያ የእድር ነገር አይደለም፣ ከሞባይል ሌባ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ማውራትም ልክ አይመስለኝም። አንዳንዱ ግን በዛ ንዴቱ እዚህ የሞባይል ሌባው ላይ ይወርዳል፣ የማይደርስበትን በሚደርስበት ይወጣዋል።

ሽማግሌ

ይሄ ላይ ነው አድልዎዬ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ምክንያቱም ያለ ቦታው ሲገባ ከዱላው የባሰ ነው።

ከሦስቱ ቆጣሪ አንዱን የወሰደው የሰፈራችን ልጅ ሆኖ ተገኘ። 17 ዓመቱ ነው፣ አባቱ የለም። ጉዳዩን የጨረሱት ሦስት ሽማግሌና አንድ ቄስ ናቸው፣ በባለቤትየዋ ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ። ልጁ የመጣው ጥቁር ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ነው፣ እናቱ ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላው። በር ላይ ቆመ። ማንም ግባ አላለውም፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ፣ ልጁ ድንጋዩን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውራል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ትንሽ እህቱ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ከዛ ባለቤትየዋ ራሷ አልቻለችም፣ "በሉ አውርዱት፣ አንገቱ ሊቀነጠስ ነው" አለች። ድንጋዩን አወረደ፣ እግሯ ላይ ወደቀ፣ የቆጣሪውን ዋጋ በየወሩ ሊከፍል አጎቱ ዋስ ሆነ። እና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ለማን እንደሸጠው ተናገረ። ጣቢያ ቢሆን ይሄን ይናገር ነበር? እኔንጃ።

ያቺ ሃያ ደቂቃ ከሦስት ወር እስር የምትከብደው ልጁ ነገም እዛው ሰፈር ስለሚኖር ነው። የሚሠራውም ለዛ ነው፣ የማይሠራውም ለዛ ነው። ሌላ ሰፈር የሚያድር፣ አባቱን የማናውቀው፣ ይሉኝታ የሌለበት ልጅ ድንጋይ ተሸከም ብትለው ይስቅብሃል። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል እንደሚባለው ለሦስተኛ ጊዜ ለተያዘውም አይሆንም፣ አንዴ ይቅር የተባለ ሁለቴ ከመጣ ሽማግሌው መጫወቻ ሆነ ማለት ነው። ሽማግሌ ዕርቅ ፈጸመ ማለትም ክሱ ሁሌ ቆመ ማለት አይደለም፣ በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስቀጡት ወንጀሎች ውጪ ያለውን ዐቃቤ ሕግ መቀጠል ይችላል፣ ዕርቁ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችል ይሆናል እንጂ።

እና አንድ ነገር ላይ ምንም አልደራደርም። ሴት ልጅ ከተደፈረች፣ ሕፃን ከተነካ፣ ሽማግሌ በር ላይ እንዳይደርስ። "ቤተሰብ አናፍርስ፣ ስሟ ይጠፋል" እየተባለ በበግና በጥቂት ብር የተሸፈነ ስንት ነገር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፣ የ1996ቱ (በ1997 ሥራ ላይ የዋለው) ሲወጣ ያን አንስቶታል፣ አንዳንዱ ሽማግሌ ግን እስካሁን በድሮው ነው የሚዳኘው። እዛ ላይ ፖሊስና ሆስፒታል፣ በዛው ቀን፣ ልብስ ሳይታጠብ።

ጋሼ አውጫጭኝ ይመለስ የሚል ሐሳብም አምጥተው ነበር። ላላወቀው፣ አውጫጭኝ ወይ አፈርሳታ ማለት ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ወደ ቤት የማይሄድበት የድሮ ሥርዓት ነው፣ የቀረ ሰው ይቀጣል። ሐሳቡ አይከፋም፣ ሰፈር ሌባውን ያውቃል ነው። ግን ሰው እርቦት እንዲናገር ስታደርገው ሌባውን ሳይሆን ጠላቱን ይጠቁማል፣ ያ ነው ፍርሃቴ።

ጥበቃና መብራት

በጣም አሰልቺው አማራጭ ነው፣ ስለዚ ማንም ስብሰባ ላይ አያጨበጭብለትም። ለኔ ግን ብር ካላችሁ መጀመሪያ እዚህ አውሉት።

በ2016 በፈረንጆቹ ኒው ዮርክ ከተማ የቀበሌ ቤት የሚመስሉ የመንግሥት መኖሪያዎች ውስጥ በዕጣ መርጠው ለአንዳንዱ ግቢ ኃይለኛ መብራት ተከሉ፣ ለሌላው አልተከሉም፣ መብራት ባገኘው ግቢ በሌሊት ከቤት ውጪ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል 36 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ኒው ዮርክ ጎንደር አይደለችም፣ እዛ መብራት አይጠፋም፣ እዚህ ግን አምፖሉን ሰቅለህ መብራቱን ሳምንት ልትጠብቅ ትችላለህ። ስለዚ በፀሐይ የምትሠራዋን ነው የምመክረው፣ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው፣ አለበለዚያ እሷም ትሰረቃለች፣ እየቀለድኩ አይደለም።

ዘበኛና ሮንድ ሲወዳደሩ፣ ሮንድ ነጻ ይመስላል፣ በየተራ ወንዱ ሁሉ ይወጣል ይባላል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሰርግ ነው፣ ሻይ ይፈላል እሳት ይነዳል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሰው ይቀራል፣ አንዱ ጠጥቶ ነው። ባጭሩ ሮንድ ለበዓል ሰሞን ነው፣ ለጥምቀትና ለገና፣ ከተማው በእንግዳ ሲጨናነቅ ኪስ አውላቂውም አብሮ ስለሚመጣ። ለዓመቱ ሙሉ ከሆነ ዘበኛ ቅጠሩ፣ ደሞዙን እድሩ ይሰብስብ፣ ያልከፈለ ሰው ስም በስብሰባ ይነበብ።

እውነት ነው ሌባው ወደ ጎረቤት ሰፈር ሊሄድ ይችላል። ሁሉም አይሄድም ግን፣ ስርቆት ብዙ ጊዜ አጋጣሚ ነው፣ ያ ልጅ እኔን ፈልጎ አልመጣም፣ ስልኬ ስታበራ አይቶ ነው።

አንድ ነጻ ነገር ልጨምር። ቆጣሪዎቻችንን በምስማር ጭረን የእድሩን ቁጥር ጻፍንባቸው፣ ከዛ ጋሼና ሁለት ሰው ሆነን ያ ልጅ የነገረን ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ጋ ሄድን። አልጮህንም። ሻይ ጋበዘን፣ "እኔ ቆጣሪ መሆኑን በምን አውቄ፣ ቀጥቅጠው ነው የሚያመጡት" አለ። ጋሼም "ልክ ነህ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ታውቃለህ፣ ይሄን ቁጥር ካየን መዝገብ እናስከፍታለን" አሉት፣ ሻዩን ጨርሰው ወጡ። ከዛ ወዲህ ቆጣሪ አልተነቀለም። በዛ ምክንያት ይሁን አይሁን መሐላ አልገባም፣ ግን ወጪው ምስማር ነው።

ሥራና ምክር

ወጣቶቹ የፈለጉት ይሄን ነው፣ ልክም ናቸው፣ ግን "ሥራ ስጡን" ብቻ ተብሎ ሲቀር ነገሩ ላይቤሪያ ውስጥ የታየውን ይመስላል። ሞንሮቪያ ላይ ተመራማሪዎች 999 በስርቆትና በጠብ የሚታወቁ ወንዶችን በዕጣ አራት ቦታ መደቧቸው፣ ለአንዱ ወገን 200 ዶላር ብቻ፣ ለአንዱ የ8 ሳምንት ምክር፣ ቁጣን መቆጣጠር፣ ራስን እንደ ሌላ ዓይነት ሰው ማየት ምናምን፣ ለአንዱ ሁለቱንም፣ ለአንዱ ምንም። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2017 ሲታተም ብሩ ብቻውን ውጤቱ ቶሎ በኗል፣ ምክሩ ብቻውንም ከጊዜ በኋላ ደክሟል፣ ሁለቱን አብረው ያገኙት ግን ከዓመት በኋላ ስርቆታቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ሲጠየቁም ለውጡ አልጠፋም። ለኔ በጣም የገረመኝ ምክሩን የሰጡት ራሳቸው ከዛው ሕይወት የወጡ ሰዎች መሆናቸው ነው።

እኛ ጋ ይሄን የሚመስል ነገር ያለው ሰንበት ትምህርት ቤትና መድረሳ ነው፣ ወይ የሰፈር ኳስ ቡድን። የጎደለው የብሩ ጎን ነው። ከማረሚያ ቤት የሚወጣውን ተመልከቱ፣ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ ይወጣል፣ ሰፈር ይመጣል፣ ማንም አይቀጥረው፣ ጠላ ቤት እንኳ ሲገባ ሰው ስልኩን ከጠረጴዛ ያነሳል። ከዛ ስድስት ወር ሳይሞላ ሲመለስ "አላልናችሁም?" እንላለን። እኛ ሰፈር አንድ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው አንዱን ሌሊት ዱቄት ለማቡካት የቀጠረው፣ እስካሁን አንድ ኩንታል አልጎደለም፣ ሰውዬው ግን በየቀኑ ይቆጥራል፣ ይቆጥር፣ መብቱ ነው።

ለትንንሾቹ ደግሞ ሌላ መንገድ የለም። በሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያለው ለወጣት ጥፋተኛ በተለየ እርምጃ ነው የሚታየው፣ ከትልልቆቹ ጋር አብሮ መታሰር የለበትም። ገዢዎቹ ይሄን ከኛ በተሻለ ያውቃሉ፣ ለዛ ነው ትንንሽ ልጅ የሚልኩት። የዚህ አማራጭ ድክመት ጊዜው ነው፣ ዛሬ ጀምረህ ዛሬ ማታ ቆጣሪህ አይድንም።

ታዲያ የቱ?

ሌባው የሚታወቅ፣ የመጀመሪያው ከሆነ፣ የጠፋውም ዕቃ ብቻ ከሆነ ሽማግሌ፣ ግን ለማን እንደሸጠ ሳይናገር ድንጋዩን እንዳያወርድ። የማይታወቅ ወይ የሚደጋግም ከሆነ ፖሊስ፣ ከነቁጥሩና ከነምስክሩ። ደም፣ መሣሪያ፣ ሴት ወይ ሕፃን ካለበት ፖሊስ ብቻ፣ ሽማግሌው ቤቱ ይቀመጥ። ማንም ይሁን ማን መብራቱና ምልክቱ ቀድሞ ይሠራ፣ ምክሩና ሥራው ከጎኑ ይጀመር። ዱላው የትም አልገባልኝም፣ ፈልጌለት ነበር፣ ስልኬ ስትወሰድ በዛ ሰዓት ልጁን ባገኘው ምን እንደማደርገው ስለማውቅ ነው በተለይ የማልፈልገው።

ይሄን ሁሉ ጽፌ በሚቀጥለው ስብሰባ አነበብኩት። ግማሹ አንቀላፋ፣ ግን ለሁለት የፀሐይ መብራት ተዋጣ፣ አንዱ ከወንዙ መውረጃ፣ አንዱ ከአክስቴ ሱቅ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። ስልኬ አልተመለሰችም። ከቤቲንግ ቤቱ የሚወጡት ልጆች አሁን ከሱቁ ሥር በመብራቱ ቁጭ ብለው እስከ አራት ሰዓት ካርታ ይጫወታሉ፣ አክስቴም ጨለማው ይሻል ነበር ቢያንስ እንቅልፍ እተኛለሁ እያለች ነው፣ ለእሁዱ አጀንዳ አስይዛዋለች።